ጥያቄ አለኝ፦ ቼክሊስቱን የሸመደደች ተማሪ ማመዛዘን መቻሏ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት) ተማሪዎችን ዋርድ ላይ አስተምራለሁ። የማግኒዚየም ሰልፌት (የነፍሰ ጡርና የወላድ መንቀጥቀጥን የሚከላከል መድኃኒት) አሰጣጥን ስጠይቃቸው አንድ ነጥብ ሳያዛንፉ ይወጡታል። ዋርድ ሲገቡ ግን ሰዓቱ ደረሰ ብለው ዝም ብለው ይወጋሉ፤ ቀድሞ መታየት ያለበትን አያዩም። ይህን እንዴት ላስተምር፣ እንዴትስ ልፈትን?

መልስ፦ ፈተናው የእጅ ሥራውን ብቻ ከለካ ተማሪውም የሚያጠናው እሱኑ ነው። ወረቀቱ «5 ግራም ስጪ» ብሎ ከጀመረ፣ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን ውሳኔ እርስዎ ጨርሰውላታል። ትዕዛዙን ያውጡና ሁኔታውን ብቻ ያቅርቡ።

ለምሳሌ፣ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) የያዛት እናት የመጀመሪያውን ዶዝ ከወሰደች 4 ሰዓት ሞልቷታል፤ ቀጣዩ 5 ግራም በጡንቻ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። በፈተናው ጣቢያ፣ ማለትም ተማሪዎች በተራ እየገቡ አንድ ሥራ በሚፈተኑበት ክፍል፣ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት «የቀጣዩ ዶዝ ሰዓት ደርሷል፤ የሚገባውን አድርጊ» ብቻ ይበል። ከመስጠቷ በፊት ሦስት ነገር ማረጋገጥ አለባት፦ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ (ከጉልበት በታች ሲመታ እግር ብድግ ማለቱ) መኖሩን፣ ሽንት ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 120። ትንፋሹን 18 ያድርጉት፤ ሪፍሌክሱም ይኑር። የሽንት ከረጢቱ ውስጥ ግን ቀለም የገባበት 80 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጨምሩ። ቁጥሩን ቻርት ላይ አይጻፉት፤ የሚፈለገው ጎንበስ ብላ ከረጢቱን ማየቷ ነው።

ትክክለኛው ውሳኔ ዶዙን ማቆየት፣ ሐኪም መጥራትና ማርከሻውን፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት፣ አጠገብ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ ፈታኙ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «ለምን አቆየሽው?» እና «ምን ብታዪ ኖሮ ትሰጪ ነበር?» ሸምድዳ የመጣችው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ትያዛለች። ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ሽንት ሲያንስ ይጠራቀማል፤ ሲጠራቀም መጀመሪያ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል። ይህ ቅደም ተከተል የገባት ተማሪ «ሪፍሌክሱ እስካለ ምንም አይደል» አትልም።

ብዙ ፈታኞች ጣቢያውን እዚህ ላይ ጨረስን ይላሉ። ወጥመድ ብቻ ከተዘጋጀ ግን ተማሪው የሚማረው «ፈተና ላይ ሁልጊዜ አቁም» የሚለውን ነው፤ ያለ ምክንያት ዶዝ የተቋረጠባት እናት ደግሞ እንደገና ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ስለዚህ መንታ ጣቢያ ይጨምሩ፦ ታሪኩም ወረቀቱም ያው፣ ከረጢቱ ውስጥ ግን 160። ሁለቱንም ሁሉም ይለፍባቸው፤ የትኛው እንደሚቀድም ብቻ ይቀያየር። ነጥቡን የምታገኘው በአንዱ ሰጥታ በሌላው ያቆየችው ናት። ወሬው ከፈተና ክፍል መውጣቱ ስለማይቀር፣ በሚቀጥለው ዙር ሽንቱን ደኅና አድርገው ትንፋሹን 12 ያድርጉት። ፈታኙም «እርግጠኛ ነሽ?» ከማለት ይቆጠብ፤ ያቺ አንዲት ቃል መልሱን ትነግራለች።

ዋርድ ላይ ለማስተማር ከመርፌው በፊት «አሁን ምን ብታዪ ትተዪዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ዝምታው ቢረዝምም መልሱን አይንገሯት።

ጥያቄ፦ አንዲት ተማሪ በድምሩ 85 አመጣች፤ ነገር ግን ባለ 50 ፐርሰንቱን ማግኒዚየም ሳትበርዝ በደም ሥር ልትሰጥ ነበር። ትለፍ?

መልስ፦ አትለፍ፤ ግን ይህ ሕግ ከፈተናው በፊት ተጽፎ ለተማሪዎቹ መነገር ነበረበት። ድምር ነጥብ አደጋን ይሸፍናል፤ እጅ በመታጠብና ራስን በማስተዋወቅ የተገኘ ነጥብ ያልተበረዘ መድኃኒትን ሊያካክስ አይገባም። በየጣቢያው አንድ ወይም ሁለት «ገዳይ ስህተት»፣ ማለትም ብቻውን የሚጥል ስህተት፣ ይሰይሙ። አሥር ከሰየሙ ሁሉም ይወድቅና ሕጉ ራሱ ይሻራል።

ፈተናውን ከመድገሟ በፊት ምክንያቱን ይለዩ። በደም ሥር የሚሰጠውን የመጀመሪያውን 4 ግራም ለማዘጋጀት ከባለ 50 ፐርሰንቱ 8 ሚሊ ሊትር ወስዶ በ12 ሚሊ ሊትር የተጣራ የመርፌ ውኃ መበረዝ፣ ከዚያም ቢያንስ በ5 ደቂቃ ቀስ ብሎ መስጠት እንዳለባት ካላወቀች ትማር። አውቃ በጥድፊያ ከሳተች፣ ሲሪንጁ ላይ ስሙንና መጠኑን የመጻፍ ልማድ ይኑራት። ሆን ብላ ደረጃውን ከዘለለች ግን ጉዳዩ የእውቀት አይደለም፤ ክትትል ያስፈልጋታል።

በአንድ ጣቢያ ብቻ «ይህች ታመዛዝናለች፣ ያቺ አታመዛዝንም» ብለው አይደምድሙ። በአንድ ታሪክ ላይ ጥሩ ያሰበ በሌላው ላይ ሊሳሳት ይችላል። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ፣ ዳንዲ፣ ኦስኪ የሚባለውን የፈተና ዓይነት ይዘው ሲመጡ አንዱን ረጅም ፈተና በብዙ አጫጭር ጣቢያዎች የተኩትም ውጤቱ በአንድ ታካሚና በአንድ ፈታኝ ዕድል ላይ እንዳይንጠለጠል ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪዬ ስህተቱን ታያለች፤ ለሲኒየር ሐኪም ግን መናገር ትፈራለች። ይህ ይፈተናል?

መልስ፦ ይፈተናል። ባልደረባዎ የቸኮለ ሐኪም ሆኖ ይጫወትና «ስጪ ብያለሁ» ይበላት። ማየት ያለብዎ ቁጥሩን መናገሯን፣ ሐሳቧን ግልጽ ማድረጓንና ካልተሰማች አንድ ጊዜ መድገሟን ነው። ለምሳሌ «ይቅርታ ዶክተር፣ በ4 ሰዓት የወጣው ሽንት 80 ነው፤ ዶዙን አቆይቼዋለሁ፣ መጥተው ይዩልኝ።» አክብሮቷ ነጥብ አያስቀንስም፤ የሚያስቀንሰው ቁጥሩን ትታ «ትንሽ አንሷል መሰለኝ» ማለት ነው። ሁለቴ ተናግራ ካልተሰማች ወደ ዋርዱ ኃላፊ መሄዷ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል።