ዘንዶው ለምን የተለጠፈ ይመስላል? በትንሽ በጀት ስለተሠሩ የልጆች ምናባዊ ፊልሞች የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በትንሽ ገንዘብ ስለተሠሩ የልጆች ምናባዊ ፊልሞች የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከቅሬታ ይጀምራሉ። «ርካሽ ነው» የማይል ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል። ቃሉ ግን ሁለት ነገር ደባልቆ ይዟል፤ ገንዘብ ያጠረው ፊልም አለ፣ ጥንቃቄ ያጠረው ፊልምም አለ። ልጆች የመጀመሪያውን በቀላሉ ያልፉታል። ሁለተኛውን ግን ስሙን ባያውቁትም ይሰማቸዋል።

ጥያቄ፦ ከ6 እና ከ9 ዓመት ልጆቼ ጋር ዘንዶ ስላሳደገች ልጅ የሚተርክ ፊልም አየን። በማግስቱም ይደገምልን አሉ። የተመልካቾችን ነጥብ ስፈልግ ከ10 4.2 ሆኖ አገኘሁት። የተሳሳተው ማን ነው?

መልስ፦ ማንም ላይሆን ይችላል። 100 ሰው ነጥብ ሰጠ እንበል። 60ዎቹ 1፣ 40ዎቹ 9 ቢሰጡ ድምሩ 420፣ አማካዩ 4.2 ነው። 80ዎቹ 4፣ 20ዎቹ 5 ቢሰጡም ያው 4.2 ይመጣል። የመጀመሪያው ፊልም አጥብቀው የሚወዱትም የሚጠሉትም አሉት፤ ሁለተኛው ማንንም አላስቆጣ፣ ማንንም አላስደሰተ። ስለዚህ አማካዩን ትተው ስንት ሰው ስንት እንደሰጠ የሚያሳየውን ዝርዝር ይክፈቱ። በልጆች ፊልም ላይ ነጥቡ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ቢይዝ አይግረምዎ፤ ነጥብ ሰጪው ልጁ አይደለማ። አንዱ ወላጅ «ልጄ ወደደው» ብሎ 9 ይሰጣል፤ ሌላው የትልልቅ ሰው ፊልም ጠብቆ ገብቶ በንዴት 1 ይሰጣል።

በመቶኛ የሚቀርበው ነጥብም የራሱ ወጥመድ አለው። የሃያሲዎችን አስተያየት በሚያሰባስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶሜቶስ ላይ 60 በመቶ ማለት ሃያሲዎቹ ፊልሙን ከ100 60 ሰጡት ማለት አይደለም፤ ከ10 ሃያሲዎች 6ቱ ወደ መልካሙ ያዘነበለ ነገር ጻፉ ማለት ነው። ስድስቱም «ምንም አይልም፣ ይታያል» ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

አስተያየት ሲያነቡ ከ4 እስከ 7 ከሰጡት ይጀምሩ። 1 እና 10 የሰጡት ብዙውን ጊዜ ስሜታቸውን ነው የሚጽፉት፤ መሀል ላይ ያሉት ግን ምኑ እንደተሳካና ምኑ እንደከሸፈ ይነግሩዎታል። «ልጄ 5 ዓመቷ ነው፤ እስከ 40ኛው ደቂቃ አየችና ተነሥታ ሄደች» የሚል አንድ መስመር ከሃያ «ድንቅ ነው» ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ዘንዶው ምስሉ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። እንኳን እኔ የ9 ዓመት ልጄም ታዝቦታል። የኮምፒውተር ሥራ ውድ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ በከፊል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታታይ ነጠላ ምስል)፣ በደቂቃ 1,440 ፍሬም ነው። አንዷን ፍሬም አስልቶ ለማውጣት ኮምፒውተሩ 30 ደቂቃ ቢፈጅ፣ የአንድ ደቂቃ ዘንዶ 720 ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ማሽን ሌት ተቀን ሳያርፍ 30 ቀን ማለት ነው። ትልልቅ ስቱዲዮዎች እጅግ ብዙ ማሽን አሰልፈው ይገላገሉታል። ትንሽ ቡድን ግን የቅርፊቱን ዝርዝር ይቀንሳል፣ የብርሃኑን ስሌት ያቃልላል። ቆዳው እንደ ፕላስቲክ ቢያብረቀርቅ ጥፋቱ የኪስ ነው፤ ይለፉት።

«ተለጠፈ» የሚያሰኘው ግን ቆዳው አይደለም። እግሩን ይዩት። ጥፍሩ መሬት በነካበት ቦታ ጠበብ ያለች ጠቆር ያለች ጥላ ከሌለች፣ ዘንዶው የቱንም ያህል ቢያምር አየር ላይ ይንሳፈፋል። ቀጥሎ ብርሃኑን፤ ፀሐይ የልጅቷን ጉንጭ ከግራ እያበራች ዘንዶውን ከቀኝ ካበራችው ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ አልቆሙም። ከዚያ ጥቁሩን ይዩ፤ ራቅ ያለ ዛፍ በመሀል ባለው አየር ምክንያት ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ከዛፉ ጎን የቆመው ዘንዶ ጥላው እንደ ከሰል ከጠቆረ፣ ዓይን ወዲያው ከዛፉ ነጥሎ ወደ ፊት ያመጣዋል። ደግሞም ልጅቷ ስትሮጥ እጇ ብዥ ይላል፤ በዚያው ቅጽበት የሚራገበው ክንፍ ጥርት ብሎ ከታየ ካሜራው አላየውም ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ ለማረም የሚፈለገው የሚያስተውል ዓይንና ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ነው፤ ከሽያጭ ቀን ጋር የሚሽቀዳደም ፊልም ደግሞ መጀመሪያ የሚነጥቀው እነዚያኑ ቀናት ነው።

የልጅቷንም ዓይን ይከታተሉ። በቀረጻው ቀን ዘንዶ የለም፤ የምታየው በረጅም ዘንግ ጫፍ የተሰካ የቴኒስ ኳስ ነው። የዘንጉ ቁመት ከዘንዶው ዓይን ጋር ካልተለካ ልጅቷ ደረቱን እያየች «ዓይንህ ያምራል» ትለዋለች። አንድ የመለኪያ ሜትርና አንድ ማስታወሻ ደብተር ይበቃ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለቡድኑ እንመስክርለት። በግሪን ስክሪን (በኋላ በሌላ ምስል በሚተካ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት) በተቀረጸ ትዕይንት የጸጉር ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሆነው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ፋይሉን ለማሳነስ የብርሃኑን መረጃ ሙሉ ይይዙና የቀለሙን ሩብ ብቻ ያስቀራሉ። ሶፍትዌሩ አረንጓዴውን የሚቆርጠው ደግሞ ቀለም ለይቶ ነው፤ ያልተቀዳውን ከየት ያመጣዋል? ጸጉሩና ትከሻው ራሱ አረንጓዴ ከመሰለ ግን ተዋናይዋን ወደ ጨርቁ አስጠግተዋት ነው። 2 ሜትር ያህል ብትርቅ፣ ጨርቁም ሳይጨማደድ ለብቻው እኩል ቢበራ፣ አብዛኛው ችግር ባልመጣ።

ጥያቄ፦ ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ የልጅ መጫወቻ መሆኑ ያስታውቃል። በትንሽ ሞዴል መሥራት ድሮ ቀርቷል መሰለኝ፣ ለምን አይተዉትም?

መልስ፦ ሞዴሉን አይውቀሱት፤ ፍጥነቱን ነው። ትንሽ ነገር ከትንሽ ከፍታ ስለሚወድቅ ቶሎ ያርፋል። ግዙፍ ለማስመሰል ቀረጻውን ማፍጠን፣ ሲታይ ማዘግየት ያስፈልጋል፤ መጠኑም የመቀነሻው ቁጥር ካሬ ሩት ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው በ16 እጥፍ ካነሰ የ16 ካሬ ሩት 4 ነው፤ 24 በ4 ሲባዛ በሰከንድ 96 ፍሬም። በ4 እጥፍ ብቻ ካነሰ 48 ይበቃል። የሌንሱም ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ፣ መብራቱ በርትቶ፣ የፊቱም የኋላውም ግንብ ጥርት ማለት አለበት፤ ከፊል ብዥታ «በጣም ቅርብ፣ በጣም ትንሽ» ብሎ ያሳብቃል። ውኃና እሳት ግን አይታዘዙም። ጠብታው ሞዴሉ አነሰ ብሎ አብሮ አያንስም። ፏፏቴ ያለው ሞዴል ካዩ ዳይሬክተሩ ደፋር ነው ወይም አልጠየቀም።

ጥያቄ፦ ንግግሩ አይሰማም፣ ሙዚቃው ያደነቁራል። አንድ ኮከብ የሰጠሁት በዚህ ብቻ ነው። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ከመስጠትዎ በፊት ቴሌቪዥኑን ይፈትሹ። ፊልሙ ባለ 5.1 ድምፅ (ለአምስት ድምፅ ማጉያና ለአንድ የጎርናና ድምፅ ማጉያ የተከፋፈለ) ከሆነ ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በመሀለኛው ቻናል ነው። ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ቴሌቪዥን አምስቱን ወደ ሁለት ሲያጣጥፍ መሀለኛው ሊደክም ይችላል። የድምፅ ምርጫውን ወደ ስቴሪዮ ይቀይሩ፤ «የሌሊት ድምፅ» ወይም «ንግግር ማጉያ» የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት። ከዚህ በኋላም ሰዎቹ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ ከተሰሙ ጥፋቱ የቀረጻው ነው። ማይኩ ከአፍ ግማሽ ሜትር ርቆ ከነበረበት ወደ 2 ሜትር ሲሸሽ ከአፍ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 12 ዴሲቤል ያህል ይወድቃል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ሰፊ ምስል ለማንሳት ማይኩን ያርቁና በኋላ በሙዚቃ ይሸፍኑታል። ሙዚቃው ለምን እንደሚያደነቁር ገባዎት።

በስቱዲዮ እንደገና በተቀዳ ንግግር ላይ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ። ድምፁ ከከንፈሩ 45 ሚሊ ሰከንድ ከቀደመ ተመልካች ያውቃል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። በ24 ፍሬም ሲሰላ አንድ ፍሬም እና ሦስት ፍሬም መሆኑ ነው። ድምፅ ከብርሃን መዘግየቱን ከተፈጥሮ ስለለመድነው ይመስላል።

ጥያቄ፦ ጠንቋይዋ የሚገርም ሜካፕ አላት፤ የ5 ዓመት ልጄ ግን በፍርሃት ተርበደበደች። «ውሸት ነው፣ ሰው ናት» ብላት አልሰማ አለች።

መልስ፦ አትሰማም፤ ዕድሜዋ ነው። እስከ 7 ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች በአመዛኙ የሚፈሩት መልክን ነው። የሚታያቸው ፊት አስቀያሚ ከሆነ ደግነቱ አያጽናናቸውም፤ ቆንጆ ፊት ያለው ክፉም አያስደነግጣቸውም። ማስረዳት የሚሠራው ከዚያ ከፍ ላሉት ነው። ለ5 ዓመት ልጅ ድምፁን ይቀንሱ (ግማሹ ፍርሃት ከሙዚቃው ነው)፣ የክፍሉን መብራት ያብሩ፣ አጠገብዎ ያስቀምጧት። ጠንቋይዋ በመስኮት ብቅ ባለችበት ቅጽበት አያጥፉት፤ ታሪኩ እዚያ ላይ ከቆመ በልጅቷ ሐሳብ ጠንቋይዋ መስኮቱ ላይ እንደቆመች ታድራለች። ልጅቷ ይብቃኝ ካላለች ትዕይንቱ እስኪያልቅ ይጠብቁና ከዚያ ይዝጉት።

ጥያቄ፦ ፖስተሩ ላይ ሠራዊት፣ ግንብና ሦስት ዘንዶ አለ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ጫካና አራት ሰው ነው ያለው።

መልስ፦ ፖስተር የሚሸጥ ሰው ፊልሙን የሠራው ሰው አይደለም። ማስተዋወቂያውን ያለ ድምፅ ይዩት፤ ዘንዶው ከሁለት ጊዜ በላይ ካልታየ ፊልሙም ውስጥ ብዙ አይታይም። ርዕሱ በዚያው ዓመት ከወጣ ትልቅ ፊልም ጋር በአንድ ቃል ብቻ የሚለይ ከሆነም ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ በአስማት ዘንጓ በሩን የከፈተች ልጅ መጨረሻ ላይ እስር ቤት ስትገባ ለምን አትከፍተውም? ባለቤቴ «የልጆች ፊልም ነው፣ ተይው» ይላል።

መልስ፦ አይተዉት። በዚህ ጉዳይ ልጆች ከእኛ ይብሳሉ፤ የድብብቆሽ ሕግ ሲጣስ የሚጮኸው ማን ነው? አስማት ወሰን ከሌለው ፍርሃት የለም። «ዘንጉ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይሠራል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ቢነገር፣ በሩም በሦስተኛው ቢከፈት፣ እስር ቤቱ ያስጨንቅ ነበር። ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ በጀት አያስፈልግም፤ ለዚህ ቅር ብሎት ነጥብ የቀነሰ ተመልካች ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ፊልሙ ውስጥ እንዳለው ሰው በአስማት የሚጠፋበትን በስልክ መሥራት ይፈልጋሉ። እንዴት ነው?

መልስ፦ ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ጆርጅ ሜሊየስ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ አልተለወጠም። ስልኩን በማይነቃነቅ ነገር ላይ ያስሩት፣ ጥሪ እንዳይመጣ ወደ በረራ ሁነታ ይቀይሩት። ስክሪኑን ተጭነው በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፤ ካልተቆለፈ ሰው ሲወጣ ምስሉ ራሱ ይደምቃል ወይም ይጨልማል። ቀረጻውን አንዴ ይጀምሩ፣ በመሀል አያቁሙ፤ ቁልፉን መንካት ስልኩን ያንቀጠቅጠዋል።

ጠንቋዩ ዘንጉን ይቀስርና «ጥፋ!» ብሎ ይድረቅ። ክርኑን ከጎኑ ጋር ያጣብቅ፤ የተዘረጋ ክንድ ከ5 ሰከንድ በላይ ጸጥ አይልም። የሚጠፋው ልጅ ከመብራቱ ተቃራኒ በኩል ይውጣ፤ በመብራቱ በኩል ከወጣ ጥላው ጠንቋዩን ያቋርጠዋል። መጋረጃው መወዛወዙን ሲያቆም ጠንቋዩ ይቀጥል። በኤዲቲንግ ልጁ ሊነቃነቅ ሲል ካለው ፍሬም ጠንቋዩ እንደገና እስከሚንቀሳቀስበት ፍሬም ያለውን ቆርጠው ያውጡ። ሜሊየስም ካሜራውን በማቆም ብቻ አልረካም፤ ፊልሙን በመቀስ ቆርጦ ያጣብቀው ነበር።

የጠንቋዩ እጅ ትንሽ ቢዘል በቆረጡበት ቦታ «ፏ» የሚል ድምፅ ያስገቡ፤ ጆሮ ሲደነግጥ ዓይን ይዘናጋል። ከቤት ውጭ የሚሠሩ ከሆነና በመሀል ደመና ካለፈ ግን ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ አይድገሙ። ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ የሣሩ ቀለም ተለውጧል።