ጥያቄና መልስ፦ ድንጋዩም ምልክት ነው

የአሜሪካ ግዛቶች ዕንቁ፣ ዓለትና ቅሪተ አካል ሳይቀር በሕግ ምልክት አድርገው ይመርጣሉ። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለነዚሁ ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ልጄ ስለ ቨርጂኒያ ቅሪተ አካል ጽፈህ ና ተባለ። ምንድን ነው?» (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ የባሕር ዛጎል ነው። ስሙ ቼሳፔክተን ጄፈርሶኒየስ ይባላል፤ ለቶማስ ጄፈርሰን ክብር ነው። መዳፍ ይሞላል፣ ጀርባው እንደ ቀሚስ ተሸንሽኗል። ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የቨርጂኒያ ምሥራቅ ባሕር ነበር። ሥዕሉ እንግሊዝ ውስጥ የታተመው በ1687 ነው፤ ሥዕላቸው ከታተመ የሰሜን አሜሪካ ቅሪተ አካላት ቀዳሚው ነው። ምልክት የሆነው ግን በ1993 ነው።

«የኔቫዳ ዕንቁ ኦፓል ነው አሉኝ። ከኛ ከደላንታው ጋር አንድ ነው? ባለቤቴ የደላንታ ቀለበት አላት።» (ከላስ ቬጋስ)

ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በ1987 የተመረጠው የኔቫዳ ጥቁር ኦፓል ከቨርጂን ቫሊ ይወጣል። ብዙው ድሮ እንጨት የነበረ ነው፤ ቀስ በቀስ ኦፓል ተካው። ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ብዙዎች ውሃ ውስጥ ያኖሩታል።

የደላንታው ግን ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከቆየ ያ እሳት የመሰለ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ያሳልፋል። ብዙ ሰው «ተበላሸ!» ብሎ ይደነግጣል። አይደንግጡ። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ፣ በቀናት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ አያስጡት። የሚያሰጋው ዘይትና ሳሙና ነው፤ ሰርገው ከገቡ ያደበዝዙታል። ባለቤትዎ ወጥ ሲሠሩም ዕቃ ሲያጥቡም ያውልቁት። የደላንታዋ የወገል ጤና ጎረምሶች ከገደል ወገብ ቆፍረው ያወጡት ዕንቁ ነውና እባካችሁ በጥንቃቄ ያዙልኝ።

«የካሊፎርኒያ ድንጋይ ሰርፐንታይን አስቤስቶስ አለበት ይባላል። ግቢያችን ውስጥ አለ።» (ከኦክላንድ)

አንዳንዱ አለበት። አስቤስቶስ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ፣ ቃጫ የመሰለ ማዕድን ነው። በ2010 ለዚሁ ሲባል ከምልክትነት ይሻር ተብሎ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር፤ አልጸደቀም። ከ1965 ጀምሮ እንደተከበረ አለ። አደጋው ሲፈለጥ የሚቦነው አቧራ ነው። አይፍለጡት፣ አይቦርቡሩት።

«ማነው የሚመርጠው?» (ከዴንቨር)

የግዛቱ ምክር ቤት። ሐሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ከልጆች ይነሳል። በ2004 ነጩ የዩል እብነ በረድ የኮሎራዶ ዓለት እንዲሆን የገፉት የስካውት ሴት ልጆች ናቸው። ቀዩ ማዕድን ሮዶክሮሳይትና ሰማያዊው ዕንቁ አኳማሪን ቀድመው ተመርጠዋል፤ ነጩ ሲጨመር የአሜሪካ ባንዲራ ቀለም ሞላ። ዲሲ የሚገኘው የሊንከን መታሰቢያ ውጪው የተሠራው በዚሁ እብነ በረድ ነው። ቅርብ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና በእጃቸው ይንኩት።