ጣልያን ውስጥ መኪና ስለመከራየት ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ በኦገስት ከባለቤትሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር ከሜሪላንድ ጣልያን ልትሄዱ እንደሆነ አነበብኩ። ሮምን፣ ፍሎረንስንና ገጠሩን በ10 ቀን ለማየት ከመጀመሪያው ቀን መኪና እንከራይ ወይ ብለሻል። እኛም ልክ እንደናንተ አራት ሆነን ሄደን ስለነበር የደረሰብንን ልንገርሽ።

ከመጀመሪያው ቀን አትከራዩ። መኪና የሚያስፈልጋችሁ ለገጠሩ ብቻ ነው። ሮምን በእግርና በሜትሮ ታዳርሷታላችሁ። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፍሎረንስን ጠግባችሁ፣ ገጠሩን ለማየት ወደ ሲየና ከተማ በምትወጡበት ጠዋት መኪናውን ውሰዱ። እኛ ሮም ኤርፖርት እንደወረድን ተከራይተን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቆመ መኪና ኪራይም ፓርኪንግም ከፈልን።

ከፓርኪንጉ የባሰው ግን «ዜድ ቲ ኤል» የሚባለው ነው። የብዙ ከተሞች መሀል፣ አሮጌው ሰፈር፣ ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው። በር የለው፣ ጠባቂ የለው። ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ምልክትና ታርጋ የሚያነሳ ካሜራ ብቻ ነው ያለው። ፍሎረንስ ስገባ የስልኬን ካርታ ነበር የምከተለው። የመብራት ሰሌዳው «ቫርኮ አቲቮ» ይላል። አክቲቭ ከሆነ ክፍት ነው ማለት ነው ብዬ ዘው አልኩ። ለካስ «እገዳው እየሠራ ነው» ማለት ነው! ሆቴሉን ስቼ አለፍኩና ዞሬ በሌላ መንገድ ድጋሚ ገባሁ። ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ቅጣት። መጀመሪያ አከራዩ ስሜንና አድራሻዬን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ክፍያ ከካርዴ ቆረጠ። ዋናው ቅጣት ከሰባት ወር በኋላ በፖስታ ቤቴ ድረስ መጣ። ሁለቱ ከ200 ዩሮ በላይ ነበሩ። ሆቴላችሁ እዚያ ክልል ውስጥ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ታርጋውን ለከተማው ያስመዘግቡላችኋል።

አሁኑኑ የምታወጡት ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ ነው። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው የትሪፕል ኤ ቢሮ ይሰጣችኋል፣ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። አከራዩ ባይጠይቅም ፖሊስ ይጠይቃል። ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ የሁለታችሁም ስም ውሉ ላይ ይግባ። ማስያዣው ደግሞ በዋናው ሹፌር ስም በተመዘገበ ክሬዲት ካርድ ነው የሚያዘው። በዴቢት ካርድ ብዙ ቦታ ይመልሱሻል።

እዚያ የተለመደው ማንዋል ነው። አውቶማቲክ ቁጥሩ ትንሽ፣ ዋጋውም ወደድ ያለ ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ። ባለቤትሽ አዲስ አበባ ማንዋል ላይ የለመደ ከሆነ አይቸገርም። እንዲያውም እኔን ደስ ያለኝ ነገር አለ። መኪናውን ያስረከበኝ ልጅ እንግሊዝኛው አይገፋም ነበር። ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ ስለው ግን ሁሉንም ገባው! እኛ መንዳት ስንማር የለመድናቸው እነዚህ ቃላት ከእነሱ የመጡ ናቸው። ፖሊስም ሲያስቆም የሚጠይቀው «ሊብሬቶ» ያው የኛው ሊብሬ ነው። ስትረከቡ የት እንደተቀመጠ እዩ።

ቸርኬ ካልኩ አይቀር፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ስረከብ አካሉን በአራቱም ጎን ፎቶ አንስቼ ነበር። ጎማዎቹን ግን አላነሳሁም። ስመልስ እሁድ ማለዳ ስለነበር ሰው አልነበረም፣ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥዬ ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «የፊት ቀኙ ቸርኬ ተፍቋል» ብለው ከ300 ዩሮ በላይ ቆረጡ። ጭረቱ ከኔ በፊት ይኑር አይኑር ማሳየት አልቻልኩም። ኢንሹራንስ አለኝ ብል፣ የኔ ኢንሹራንስ ጎማና መስታወት አይሸፍንም ተባልኩ። ስለዚህ እህቴ፣ ቁጭ ብለሽ አራቱንም ቸርኬ አንድ በአንድ አንሺ። የቤንዚን ጌጁንና ኪሎሜትሩንም ጨምሪ። ስትመልሱ ቢሮው ክፍት በሆነበት ሰዓት ይሁንና፣ ሠራተኛው አይቶ ወረቀት ይፈርምላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊትም «ጉዳት ቢደርስ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንስ ተካቷል ሲሉ የመጀመሪያው 1,000 ዩሮ ወይም ከዚያ በላይ የናንተ ሊሆን ይችላል። የክሬዲት ካርድሽ ኩባንያ ጣልያንን ይሸፍን እንደሆነም ደውለሽ አጣሪ፣ መልሱን በጽሑፍ ይላኩልሽ።

ነዳጅ ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ አረንጓዴ እጀታ ብዙ ጊዜ ናፍታ ነው፣ እዚያ ግን አረንጓዴው ቤንዚን ነው። «ቤንዚና» ቤንዚን፣ «ጋዞሊዮ» ናፍታ። ጋዞሊዮን አሜሪካ «ጋዝ» የምንለው ቤንዚን መስሏችሁ እንዳትቀዱ። ራሳችሁ ስትቀዱ ይረክሳል።

አውራ ጎዳናው ላይ ስትገቡ ትኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። «ቴሌፓስ» (ክፍያውን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ) ብቻ በሚል ቢጫ መስመር አትግቡ። ፓርኪንግ ነጭ መስመር ነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ ለተፈቀደለት ብቻ ነው።

የልጆችሽን ዕድሜና ቁመት አልጻፍሽም። ከ150 ሳንቲሜትር በታች ከሆኑ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው። ኪራዩ በቀን ስለሆነ ለሁለት ልጅ ይከብዳል። እኛ ቡስተሩን (ልጅን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠውን) ከቤት ይዘን ነው የሄድነው፣ አየር መንገዱም አላስከፈለንም። ቁመታቸውን ጻፊልኝና የትኛው እንደሚበጅ እነግርሻለሁ።