የፌሪዎች አስማት በምን ሕግ ይሠራል? የድሬና የሐረር ልጆች ጥያቄና መልስ

ፋንታሲ ለምትጽፉ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች፣ ስለ ፌሪዎች (በአውሮፓ ተረት ውስጥ ስላሉት ስውር ፍጡራን) አስማት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከየሰፈሩ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከከዚራ፦ አቦ፣ ፌሪ ማለት ያቺ ክንፍ ያላት ሚጢጢ ልጅ አይደለችም እንዴ?

ክንፉን በሰፊው ያስለመዱት የ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ናቸው። በድሮው የአየርላንድና የስኮትላንድ ተረት ብዙዎቹ ፌሪዎች ሰው የሚያክሉ፣ መልከ መልካምና የሚፈሩ ናቸው። እንዳይቀየሙ «ደጎቹ ጎረቤቶች» እየተባሉ ይጠራሉ። እኔ የምጽፈው እነሱን ነው።

ከጀጎል፦ ይሄ የፈረንጅ ነገር ለእኛ አንባቢ ይዋጥለታል?

በደንብ! የዛር አመጣጥ እንዴት እንደሚወራ አስታውሱ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዜር ሊያያቸው ሲመጣ በጣም የሚያምሩትን 15ቱን ደበቀች። እሱም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። አይስላንዶችም ስለ ስውር ሕዝቦቻቸው ይህንኑ ያወራሉ፤ እዚያ ግን ሔዋን የደበቀችው ገላቸውን ያላጠበቻቸውን ነው። መጀመሪያ ሳነበው ፀጉሬ ቆሟል። ዛሩም ቢሆን በነፃ እሺ አይልም። ቡናውን፣ ሽቶውን፣ ቀለበቱን ይጠይቃል።

ከሳቢያን፦ የእኔ ፌሪዎች ሁሉን ቻይ ሆኑብኝና ታሪኩ ሞተ። ምን ላድርግ?

ኃይላቸውን ተይውና ዋጋውን ጻፊ። በእኔ ዓለም ፌሪ አይዋሽም፣ የገባውን ቃል አያፈርስም፣ ያለ ውል ደግሞ ጣቱን አያነሳም። አስማቱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። መጋላ ውስጥ ሳምቡሳ የምትሸጥ እናት አለች። ፌሪው «ገበያሽን አደራልሻለሁ፤ እስከ ማታ ያልሸጥሽውን ትሰጪኛለሽ» ይላታል። ከሳህኑ የተረፈችውን አንድ ሁለት ሳምቡሳ ነው ብላ እሺ ትላለች። ገበያው ይደራል። ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ደስ ብሏት ልትነሳ ስትል ፌሪው መጣ። ያልሸጠችው ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

ፌሪው አልዋሸም። አንባቢም ተመልሶ ውሉን ሲያነብ ሁሉም ነገር እዚያው ነበር። ይህን ካገኘሽ ሌላ ኃይል አያስፈልግሽም።

ከለገሃሬ፦ ብረት ይፈራሉ ይባላል። የሰው ደም ውስጥም ብረት አለ። ታዲያ ሰውን እንዴት ይነካሉ?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። የአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ፤ አብዛኛው ደም ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕጉን አጥብበው። የሚጎዳቸው እሳትና መዶሻ የቀመሰ ብረት ብቻ ይሁን። አረብ ብረትም ይቆጠራል።

አሁን ድሬን አስባት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ ነው። ባቡሩ ለሰው መገናኛ ሆነ፤ ለፌሪዎች ግን ሐዲዱ ማለቂያ የሌለው አጥር ነው። ከወዲያ ማዶ የቀሩት ከወዲህ ያሉትን ዘመዶቻቸውን ዳግም አላዩም። ከአንዲት ሕግ የመቶ ዓመት ቂም ወጣ ማለት ነው! አራስ አጠገብ ቢላ ማኖር እኛም ጋ ስላለ፣ አያትህ ይህን ሕግ ሳታስረዳት ትረዳዋለች።

ከመጋላ፦ ወራጅ ውሃ አይሻገሩም ከተባለ የደቻቱ ወንዝስ? አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው እኮ።

ለዚህ ነው የሚመቸኝ። በደረቁ ጊዜ ከመጋላ ወደ ከዚራ እንደልባቸው ይመላለሳሉ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል። በዚያች ሌሊት ያለ ወገኑ ማዶ የቀረ ፌሪ ከማንም ጋር ለመዋዋል ይገደዳል። የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ግን የፌሪ ሥራ አታድርጉት። ሰው ያለቀበት ሐዘን ነው፤ ቤተሰቦቹ አብረውን ይኖራሉ።

እውነተኛ ስማቸውን ያወቀ ያዛቸዋል የሚለውስ?

ተጠቀሙበት። የክርስትና ስሙን ለማንም የማይነግር ስንት ሰው አለ! ማብራሪያ አይፈልግም።

ቡዳን እንደ ፌሪ ብጽፍስ?

ተው። በዚያ ስም ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ስንት ዘመን ተገልለዋል።

ከሐረር፦ አንድ ከተማ በሙሉ ከፌሪዎች ጋር ውል ቢኖረውስ?

አንቺማ መልሱ ደጅሽ ላይ ነው። በአሹራ በዓል ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። በረሃብ ዘመን ሰው ሲበሉ በዚህ ታረቁ ተብሎ ይተረካል። ጅቡ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው፤ ካልነካው ያሰጋል። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል ማለት ነው፤ ለታሪክሽ ደግሞ ይሄ ወርቅ ነው። አንቺ ልትወስኚ የሚገባሽ ገንፎውን ማን እንደሚያቀርብ፣ እሱ ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ ቅቤ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ከተማው በምትኩ ምን እንደሚያቀርብ ነው።