ልጃችሁን ከፊልሙ ጋር ብቻውን አትተዉት

ከአሜሪካም ከአውሮፓም ለእረፍት የሚመጡ ወገኖቼ ፒያሳ ሲያገኙኝ ሦስት ነገር ይጠይቁኛል፤ ስለ ወረቀት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች። ብዙ ዓመት በዋሽንግተን ዙሪያ ኖሬ ነው የተመለስኩት፤ አዲስ ገቢ የት የት እንደሚሰናከል አይቻለሁ። ስለ ልጆቻቸው ግን የሚጠይቁኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሒሳብ ተከፍሎ ከካፌው ልንወጣ ስንነሳ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ያናድደኛል።

1. ወረቀት

የሰነዶቻችሁን ኮፒ ያዙ፣ የሚያልቁበትን ቀን ጻፉ፤ ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን አውጡ። ሌላው በሰልፍ ያልቃል።

2. ገንዘብ

ገንዘብ በሰው እጅ አትላኩ፤ በባንክ ላኩ። ለቤት ሥራ ውክልና ስትሰጡ ወኪሉ መገንባት ብቻ ነው ወይስ መሸጥም ይችላል የሚለውን መስመር በመስመር አንብቡ። «የእህቴ ልጅ ነው» እያላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ለእናትና ለአባት የምትልኩትን አታቋርጡ፤ ለድግስ የምትልኩትን ቀንሱ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የጠፋ ገንዘብ ይተካል። ወደማይተካው ልሂድ።

3. ልጆቹ

የጎረቤቴ ልጅ ከሚኒሶታ የሰባት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጁ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በታብሌቱ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» የተባለውን የቆየ ፊልም ያያል። አያቱ ቡናውን አፍልታ ስትጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊልሙን ለማታውቁት፣ ዶሮቲ የምትባል ልጅ ካንሳስ ውስጥ ከአክስቷና ከአጎቷ ጋር ትኖራለች፤ አውሎ ነፋስ ቤቱን ከነእሷ አንሥቶ ኦዝ የሚባል አገር ይጥላታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ቤቷ ለመመለስ የምታደርገው ጉዞ ነው። አያትየዋ ማየት የጀመረችው ጠንቋይዋ ዶሮቲን ቆልፋባት ያለችበት ቦታ ላይ ነበር። በአንድ ትልቅ የመስተዋት ኳስ ውስጥ የአክስቷ ፊት ይታያል። አክስት ተጨንቃ ስሟን ትጠራለች፤ ልጅቷ እያለቀሰች «እዚህ ነኝ» ትላታለች፤ አክስት ግን አትሰማም።

አያትየዋ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ነገሩ ግን ገብቷታል። «ውይ! አትሰማትም እንዴ? እናቷ ናት?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። ቀና ብሎ ተመለከታት፣ ፈገግ አለ፣ ወደ ታብሌቱ ተመለሰ። ጥያቄው አልገባውም። እናትየው ከወዲያ ሆና «ተይው እማዬ፣ ፊልም ነው» አለች።

አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ታሪክ፣ በአንዲት ደቂቃ፣ እኩል ልባቸው ተነክቶ ነበር። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ልጁን ያሳጣው ማን ነው? አሜሪካ አይደለም። የገዛ ቤቱ ነው።

ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ፊልም እስከ ዛሬ የሚወደደው በቴክኒኩ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ካንሳስ ቡናማ ብቻ ሆና ትታያለች፣ ዶሮቲ በሩን ስትከፍት ኦዝ በቀለም ይመጣል። ፊልሙ በተወሰደበት፣ በ1900 በወጣው መጽሐፍ ላይ የብር የነበረው ጫማዋም በፊልሙ ቀይ የሆነው ቀለሙ እንዲጎላ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳን ፊልሙ መጀመሪያ ሲወጣ ለሠራው ለኤምጂኤም ትርፍ አላመጣም። የቤተሰብ ሁሉ ያደረገው ቴሌቪዥን ነው። በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ተላለፈ፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ በዓመት አንዴ መታየት ልማድ ሆነ። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ቀድቶ ማስቀረት የለም፤ ያመለጠው ልጅ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ በዚያች ምሽት ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ያውም ብዙው ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር፣ በሩ ሲከፈት የሚመጣውን ቀለም አላዩትም። ሳያዩትም ወደዱት።

ለምን ወደዱት? ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ስለነበረ ነው። «አሁን ጠንቋይዋ ልትመጣ ነው፣ አይዞህ» የምትል እናት ነበረች፤ እሷም በልጅነቷ በዚያው ቦታ ላይ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን የደበቀች። ያ ልጅ አድጎ የራሱን ልጅ ይዞ ይቀመጣል። በስድስት ዓመቱ ጠንቋይዋን ሲፈራ የነበረው ሰው በአርባ ዓመቱ ዓይኑ የሚያርፈው ልጅ ጠፍቶባት በምትጣራው አክስት ላይ ነው። ፊልሙ ያው ነው፤ የሚያየው ሰው ግን በቤቱ ውስጥ ቦታው ተቀይሯል። ታላቁ ጠንቋይ ተብሎ የተፈራው ሰው ከመጋረጃ ጀርባ የሚንቀጠቀጥ ተራ ሽማግሌ ሆኖ ሲገኝ ልጁ ይስቃል፤ አባት ግን ራሱን ያያል። አንድ ፊልም ትውልድ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ለሰው ያቀብለዋል።

ሌላም ልንገራችሁ። የፊልሙን ታዋቂ የቀስተ ደመና ዘፈን ግጥም የጻፈው ይፕ ሃርበርግ ከሩሲያ የተሰደዱ፣ ዪዲሽ የሚባለውን የአይሁድ ቋንቋ የሚናገሩ ድሆች ልጅ ነው፤ ኒው ዮርክ ነው ያደገው። ዜማውን የሠራው ሃሮልድ አርለን አባቱ በምኩራብ የጸሎት ዜማ መሪ ነበር፤ በልጅነቱ በአባቱ መዘምራን ውስጥ ዘምሯል። ስሙን ቢቀይርም ከአባቱ የሰማው ዜማ አብሮት ኖሯል። ወላጆቻቸው «ልጄ ግራ እንዳይጋባ» ብለው በቤታቸው አፋቸውን ቢዘጉ ኖሮ እነዚህ ልጆች ምን ይዘው ይወጡ ነበር?

እኛስ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም? በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከተጀመረ ወዲህ አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት የታጨቀ የሰፈር ልጅ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን ራሳችንን ነበር የምናስበው። ፀጉራችሁ የሸበተ እናንተም ሰላምታቸውን እስከ ዛሬ በድምፃቸው ልክ ትሉታላችሁ። ታዲያ ለልጃችሁ አንድ ቀን ብላችሁለት ታውቃላችሁ? በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ፎቶአቸውን ለጥፋችሁ አልቅሳችኋል፤ እሳቸው የነገሯችሁን ግን እናንተ ጋ አስቁማችሁታል። ከዚህ የበለጠ ምን ብዬ ልገሥጻችሁ?

«ይገባዋል፣ ግን አይናገርም» ትሉኛላችሁ። የገባው ልጅ ይመልስ ነበር። «ሲያድግ ይማረዋል» ትላላችሁ። ሲያድግ አያቱ አትኖርም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ይማራል» ትላላችሁ፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሀሁን የቆጠረ ልጅ እናቱ በአማርኛ ስትቆጣው፣ ስትቀልድበት፣ ተረት ስትነግረው ካልሰማ ፊደሉ ምን ያነብበታል? በሥራ ደክማችሁ እንደምትገቡ አውቃለሁ፤ ሁለት ሥራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ታብሌቱ ልጁን ዝም እንደሚያሰኝም አውቃለሁ። ችግሩም ዝም ማለቱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «አንድ ቀን አምጥቼ ሰፈሬን አሳየዋለሁ» ብላችሁ ታስባላችሁ። ፒያሳን ኑና እዩዋት። በ2016 ዓ.ም. ብዙው ቤት ፈርሷል፤ ያደጋችሁበት ግቢ አስፋልት ሆኖ ይሆናል። «ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» ብላችሁ የምታሳዩት አየር ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን አለ፤ ስለዚያ ቤት የሚያወራላችሁ እሱ ነው፤ የሚያወራውም በአማርኛ ነው። ልጁ ያንን ካልሰማ ሰፈሩ ለእሱ ሁለት ጊዜ ፈረሰ።

4. ምን ታደርጋላችሁ

ፊልሙን አትከልክሉት። እኔ ፊልም ጠላት ነው አላልኩም። አጠገቡ ተቀመጡ፤ በእንግሊዝኛው አብራችሁ እዩት። በማግስቱ ማታ ታብሌቱን ዝጉና ያንኑ ታሪክ እናንተ በአማርኛ ንገሩት፤ አንበሳው፣ የቆርቆሮው ሰው፣ ማሳ ላይ የቆመው ማስፈራሪያ፣ ሁሉም በአማርኛ ይናገሩ። ልጁ ታሪኩን ስለሚያውቀው አዲሱ ቃል አይከብደውም። ስትሳሳቱ ያርማችኋል፤ ያርማችሁ። በሦስተኛው ቀን እሱ ይንገራችሁ፣ በተሰባበረ አማርኛም ቢሆን። አትሳቁበት። ብዙ ልጅ አፉን የዘጋው ዘመድ ስለሳቀበት ነው።

ከዚያ ለአያቱ ይንገራት። በዓመት አንድ ቀን ቁረጡ፤ ለምሳሌ ከገና በኋላ ያለው ቅዳሜ፣ በየዓመቱ ያው ቀን ይሁን። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር ነው፤ ልጁም ነቅቷል፣ እሷም አልተኛችም። እሱ ስለ ዶሮቲ ይንገራት፤ እሷ በተራዋ «ተረት ተረት» ትበለው፣ «የላም በረት» ማለትን አስቀድማችሁ አስተምሩት። የአያትየዋን የኢንተርኔት ጥቅል ከሁለት ቀን በፊት ሙሉላት፤ ስልኩን የሚያበጅላት የጎረቤት ልጅም ቀድማችሁ ለምኑ። ሲጀምሩ አታስተርጉሙላቸው። ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ።