ኤርብራሽ ለምን ይደፈናል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሞዴል አሠራር ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ችግር ነው፤ የኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጨው ትንሽ መሣሪያ፣ መደፈን። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የፋሲል ግቢን ሞዴል እየሠራሁ ነው። አክሪሊክ ቀለም በ0.3 ሚሊሜትር ኖዝል (ቀለሙ በሚወጣበት ጫፍ) እረጫለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይደፈናል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?» የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣ ዕቃህን ከመጠርጠርህ በፊት ቀለምህን እይ። አክሪሊክ ማለት ደቃቅ የቀለም ዱቄት፣ የፕላስቲክ ማጣበቂያና ውሃ ነው። ውሃው ሲተን የፕላስቲኩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዴ ከተያያዙ ውሃ መልሶ አያሟሟቸውም። ኖዝሉ ውስጥ ባለው የኤርብራሹ መርፌ ጫፍ ላይ ደግሞ አየር ያለማቋረጥ ይነፍሳል፤ ነፋስ ላይ የተሰጣ ልብስ ቶሎ እንደሚደርቀው ማለት ነው።

የእኛ አገር አየርም ያግዘዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በጋዋም ደረቅ ነው። ነሐሴ ላይ ሳያስቸግርህ የረጨኸው ቀለም በጥምቀት ሰሞን ጫፉ ላይ ይደርቅብሃል። ስለዚህ በበጋ ቀለሙን ትንሽ ማቅጠን፣ መድረቁን የሚያዘገይ ሪታርደር አንድ ሁለት ጠብታ ማከልም ያስፈልጋል። ሪታርደር አታብዛ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ እየተጣበቀ ይቆይብሃል።

አሁን አዘገጃጀቱ። በመጀመሪያ የጠርሙሱን አፍና ክዳን ጥረግ። እዚያ የደረቀው ቅርፊት ነው ተሰባብሮ ኖዝል የሚዘጋው፤ እኔ ካየኋቸው መደፈኖች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን ሁለት ደቂቃ ያህል ናጠው። ሥሩ የተዘቀጠ ካለ በእንጨት አማስለው። ለድንጋዮቹ መጋጠሚያ የምትጠቀምበት ነጭ በተለይ ይዘቅጣል፤ የነጩ ዱቄት ከባድ ነው። ቀለሙን ኤርብራሹ ላይ ሳይሆን በሌላ ትንሽ ዕቃ ቀላቅል። ቀድመህ ማቅጠኛውን (ቲነሩን) አድርግ፣ ቀለሙን ቀጥል። እኩል በእኩል ጀምርና እንደ ወተት እስኪሆን አስተካክል። ዕቃውን ስታዘነብለው ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት። ወፍራም ሆኖ የሚንጠለጠል ከሆነ ገና ነው፤ እንደ ውሃ ምንም ሳይቀር የሚወርድ ከሆነ አልፈሃል።

በመጨረሻ አጥልለው። ያረጀ የናይለን ስቶኪንግ ቁራጭ ይበቃል፤ ይህን ሥራ አትዝለል። ግፊቱን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አድርገው። ስትረጭ አየሩን ቀድመህ ክፈት፣ ቀለሙን ቀድመህ ዝጋ። በየጥቂት ደቂቃው የመርፌውን ጫፍ ቲነር በነካ የጆሮ ጥጥ ጥረገው።

«የመኪና ቀለም ቲነር ብጨምርበት ቀለሙ እንደ እርጎ ረጋብኝ። ለምን?»

አክሪሊክ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ታሚያ የሚባለው አምራች አክሪሊክ አልኮል ይቀበላል። እንደ ቫሌሆ ያሉ አምራቾች በውሃ የሠሯቸው ግን በአልኮል ወይም በኃይለኛ ቲነር ሊረጉ፣ እንደ ሙጫ ሊሳቡ ይችላሉ። የራሱ የአምራቹ ቲነር ካገኘህ እሱን ውሰድ። ካጣህ የያዝከውን ማንኪያ ላይ በጥቂት ጠብታ ሞክረውና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ማንኪያ ላይ የረጋ ነገር ኖዝል ውስጥ አይገባም። የሁለት አምራች ቀለም ከመቀላቀልህ በፊትም እንዲሁ አድርግ።

«ለማቅጠን የቧንቧ ውሃ አይሆንም?»

ይሆናል፤ ግን ብቻውን ሲበዛ ቀለሙ ፕላስቲክ ላይ ሳይዘረጋ ጠብታ ጠብታ ይሆናል፣ ማጣበቂያውም ይሳሳል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ይሻላል። ስትገዛ ግን አደራ! እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ሊኖር ይችላል፤ ጽሑፉን አንብብ።

«የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ርካሽ ነው። ላቅጥነውና ልርጨው?»

በ0.3 ኖዝል አይሞከርም። የግድግዳ ቀለም ውስጥ ወፍራም መሙያ ዱቄት አለ፤ ቢቀጥንም ዱቄቱ አይደቅም። ለሞዴሉ መሠረትና ለመሬቱ በብሩሽ ተጠቀምበት፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

«የ12 ዓመት ልጄ ሳሎን ውስጥ ይረጫል። ሽታ የለውም ይለኛል። ልከልክለው?» አንዲት እናት

አይከልክሉት፤ ቦታውን ግን ይቀይሩለት። ሽታ ባይኖረውም በአየር የሚንሳፈፈው ጤዛ ቀለምና ፕላስቲክ ነው፤ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት፣ መስኮቱን ይክፈቱለት፣ ለደቃቅ ብናኝ የሚሆን ማስክ ያድርግ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። አልኮል ወይም ቲነር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ማስኩ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ እሳት ካለበት ቦታም ይራቅ።

«ሥራ መሃል ቢደፈንብኝ ምን ላድርግ?»

የስፌት መርፌ እንዳታስገባበት። እኔ አንድ ጊዜ በስፌት መርፌ ልከፍተው ስታገል ኖዝሉን ሰነጠቅሁት፤ መለዋወጫው እስኪመጣልኝ ወራት ጠብቄያለሁ። በጣም ነው የቆጨኝ። መጀመሪያ የኤርብራሹን የቀለም ጽዋ ባዶ አድርግና ማጽጃ ወይም ቲነር ጨምረህ እርጨው። ካልተከፈተ የአየሩን ግፊት አጥፋ፣ የኤርብራሹን መርፌ ወደ ኋላ ስበህ አውጣና ጥረገው። ኖዝሉን ፈትተህ ማጽጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ንከረው፤ ከዚያ በጥርስ መሃል ማጽጃ ደቃቅ ብሩሽ በቀስታ ጥረገው። ኤርብራሹን ሙሉውን አትንከር፣ ውስጡ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ይበላሻሉ። መልሰህ ስትገጥም ኖዝሉን መጀመሪያ በጣት አጥብቀው፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍ የምትጨምርለት ትንሽ ብቻ ነው።