ክሬም ይሻላል ወይስ ግራጫ? የክፍል ቀለም ጥያቄና መልስ

የቅብ ሥራ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ጠይቁኝ፣ ግን ጥያቄያችሁን ግልጽ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ለሳሎኔ ክሬምና ፈዛዛ ግራጫ አማረጥኩና መወሰን አቃተኝ። ክፍሉ ፀሐይ አይገባውም።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባው ክፍል ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ግራጫው ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ካለ ግድግዳው ላይ ጎልቶ ይወጣና ክፍሉ ቀዝቃዛ ይመስላል። ክሬም ቢጫ ስላለው ያለዝበዋል። ግራጫውን ከወደድከው ወደ ቡኒ የሚያደላውን ፈልግ። ለመለየት ከንጹሕ ነጭ ወረቀት ጎን አድርገህ እየው፣ የተደበቀው ቀለም ያኔ ይታያል። ከሁሉ በፊት ግን ናሙና ቀባ! 60 በ60 ሴንቲሜትር ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀባና ይድረቅ፣ ከዚያ በየግድግዳው እያዞርክ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየው። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ አትሞክር፤ ዙሪያው ያለው የድሮ ቀለም ዓይንህን ያታልላል።

ጥያቄ፦ የኔ ክሬም ማታ ማታ ቢጫ ይሆንብኛል። ቀለሙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ አምፖሉን እዪው። 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ነው። በ4000 ቀይሪና እንደገና እዪ።

ጥያቄ፦ የቱ ቀለም ያምራል?

መልስ፦ ለየትኛው ክፍል? በምን ብርሃን? እንዲህ ተጠይቄ መመለስ አልችልም።

አንድ አባል፦ ግራጫ ሳሎን ሆስፒታል ነው የሚመስለው፣ ተዉት።

ሌላ አባል፦ የኔ ግራጫ ነው። ሞቅ ያለ መጋረጃና ምንጣፍ ስጨምርበት አምሮበታል።

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ያሳመረው መጋረጃው ነዋ!

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። ወለልና ምንጣፍ ግን በእርግጥ ለውጥ ያመጣሉ። ቀላ ያለ ወለል ላይ ያረፈ ብርሃን ወደ ግድግዳው ሲመለስ ቅላቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ናሙናውን እዚያው ክፍል ውስጥ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ማት (የማያብረቀርቀው) ወይስ የሚያብረቀርቅ?

መልስ፦ ግድግዳህ ጎርበጥ ያለ ከሆነ ማት። የሚያብረቀርቀው እንከኑን ሁሉ ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያየሁት ግራጫ ደስ ብሎኛል፣ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ። የስልክ ስክሪን ቀለምን በትክክል አያሳይም። ናሙና!

ጥያቄ፦ ለመኝታ ቤትስ፣ ክሬም ወይስ ግራጫ?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ፣ አንብበው። መስኮትህ ፀሐይ ያገኛል አያገኝም? እሱን እንኳ አልነገርከኝም። ካርቶኑን ቀባ፣ አንድ ቀን ሙሉ እየውና ያየኸውን ይዘህ ና።